የጡሩምባው መንገድ

ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ቧንቧው ዛሬም ያፏጫል እንጂ ጠብ አይልም። እማዬ ትናንት ከምንጩ ያስቀዳችው ጀሪካን ባይኖር ፊቴን ሳልታጠብ ነበር ሥራ የምገባው። ጤና ጣቢያውም ያው ነው። እጃችሁን ታጠቡ እያልን ስናስተምር እንውላለን... በምን?

የደም ተቅማጡ በዝቷል። ከቀጨኔ ይመጣሉ፣ ከሽሮ ሜዳ ይመጣሉ፣ ከቁስቋም በታች ይመጣሉ። ሕፃን ሽማግሌ አይል። ጠዋት አንዷ ልጇን አስታቅፋኝ ወረፋ ልትይዝ ሄደች። ስትመለስ... ተይው። አልጽፈውም።

ከሰዓት አለቃችን አስጠሩኝ። "ኮርስ ሄደሽ የመጣሽው አንቺ አይደለሽ? በይ ካርታውን ሥሪና አሳዪን" አሉ። ኮርሱ ላይ የበሽተኛው ሁሉ ቤት ካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ይደረጋል፣ ነጥቡ የተጠራቀመበት ቦታ በሽታው ከየት እንደሚመጣ ይናገራል ተብለናል። ከዚያ በኋላ የጤና ውሳኔ በግምት መሆኑ ይቀራል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ዳገቱን ማን እንደሚወጣው ግን አልነገሩንም።

ቤት ስገባ እማዬ ከልቅሶ ቤት ተመልሳ እግሯን ዘርግታ ትፈትላለች። የሸማኔዎቹ እድር ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳን ገብታ ውሃ የምትቀዳው፣ ንፍሮ የምታዞረው እሷ ናት። አባዬ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ነች። ከእሱ ጋር ከጨንቻ የመጡት ሸማኔዎች ያቋቋሙት እድር ስለሆነ እንደ ዘመድ ነው የምታየው።

"የእኔ ቀን ሲመጣ ሰው አፉ ደርቆ እንዳይሄድብኝ" አለችኝ፣ እንደ ልማዷ።

"እሺ" አልኳት፣ እንደ ልማዴ። ከዚያ በሰማያዊ ኩባያዋ ውሃ አቀበልኳት። ያችን ኩባያ ከእሷ በቀር ማንም አፉን አያስነካባትም። እኔን እንኳን!

ግንቦት 6

እግሬ አለቀ። የቀበሌውን ካርታ በስስ ወረቀት ገልብጬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው። የቤት ቁጥር የሚባለው ነገር ጉድ ነው። 214 አጠገብ 31 አለ። 32ን ብትፈልጊ ደግሞ ከገደሉ ሥር ነው።

አንዷ በሩን ገርበብ አድርጋ ወረቀቱን አየችና "ልጄ የለም! ክፍለ ሀገር ሄዷል!" አለችኝ።

"እኔ ለሚሊሺያ አይደለም የመጣሁት። ተቅማጥ የያዘው ሰው አለ ወይ ልል ነው።"

"ተቅማጥም የለም! እሱም ክፍለ ሀገር ሄዷል!"

በሩ ተዘጋ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ማልቀስ አማረኝ። ድካም ነው።

ግንቦት 9፣ እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ። ካርታው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ነጥቦቹ ምንጩ ያለበትን ዳገት አቅልተውታል። ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ቁስቋም በኩል ደግሞ ጥቂት ነጥቦች አሉ፣ ብቻቸውን። እነሱን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ? ሕዝቡ ፊት መቆም ስለጨነቀኝ። ቶሎ ወርጄ መቀመጥ ስለፈለግሁ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ኃይለ መለኮት በትር ይዘው ካርታው ፊት ቆሙ። "ጓድ ሸዋገነት፣ በአጭሩ! ከየት ነው?"

"ምንጩ ሳይሆን አይቀርም" አልኩ።

"ሳይሆን አይቀርም" የሚለውን የሰማኝ የለም። "ምንጩ" የሚለውን ብቻ ነው የሰሙት። ጓድ ኃይለ መለኮት ጠላት ተገኘ አሉ፣ ተጨበጨበ። ከነገ ጀምሮ ይዘጋል።

እኔም አጨበጨብኩ።

ግንቦት 10

ምንጩን በሰንሰለት ቆለፉት። ሁለት አብዮት ጠባቂ ጠመንጃ ይዞ ውሃ ይጠብቃል። ሴቶቹ እንስራና ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ወረዱ። ወንዙን አውቀዋለሁ። የሠፈሩ ሽንት ቤት ሁሉ ወደዚያ ነው የሚፈስ።

እማዬ እንዝርቷን አስቀምጣ ብዙ አየችኝ። "ምን ሠራሽ ልጄ?"

"በሽታ እየከለከልኩ ነው።"

"እንግዲህ ካልሽ..." ብላ ፈተሏን ቀጠለች።

ግንቦት 15

አልቆመም። ይልቅስ ጨመረ። ትናንትና ዛሬ የመጡትን ካርታው ላይ አደረግኋቸው። ዳገቱም ላይ አለ፣ ማዶም አለ። የማዶዎቹ ከዚህ ምንጭ ቀድተው አያውቁም፣ የራሳቸው ውሃ አላቸው። ታዲያ?

ራሴን አመመኝ። ካርታውን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ወረወርኩት።

ግንቦት 17፣ ሰኞ

አይሻ ጤና ጣቢያ ድረስ መጣችብኝ። ሱቋ ምንጩ አጠገብ ነው፣ ግድግዳቸው ሊነካካ ምንም አይቀረው። ሳሙናም ጋዝም ከእሷ ነው የምንገዛ። ሰላምታ እንኳን አልሰጠችኝም።

"ሸዋዬ፣ ያንን ካርታሽን አውጪው። የእኔ ቤት የቱ ነው?"

አሳየኋት።

"ነጥብ አለበት?"

"የለበትም።"

"የረሂማስ? ከጀርባዬ ያለችው?"

"እሷም የለባት።"

"እኔ ምንጩ አፍ ላይ ተቀምጬ ልጆቼን ያሳደግሁት ከሰማይ እያወረድኩ ነው? ከእሱ እየጠጣን አንድ ሰው ሳይታመምብን ዘጋሽብን። አሁን ከወንዝ ስንጠጣ ብንታመም ነጥብሽን ታመጪያለሽ አይደል?"

ሰው ሁሉ ይሰማል። ስትወጣ በሩን ገጭ አደረገችው። ደግ አደረገች። እኔም ብሆን እገጨው ነበር።

ግንቦት 18

ጓድ ኃይለ መለኮት ዘንድ ሄድኩ። ተሳስቻለሁ አልኩ። ምንጩ አጠገብ ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አንዳቸውም አልታመሙም፣ ይከፈት አልኩ።

"ለበላይ አካል ሪፖርት ተደርጓል" አሉ።

"ሪፖርቱ ይስተካከላ።"

"ጓድ ሸዋገነት፣ በሽታው ከምንጩ ነው ብለሽ የተናገርሽው በሕዝብ ፊት ነው። አሁን ከምንጩ አይደለም ብንል ቀበሌው ምን ይባላል?"

ምን ይባላል... ሠፈሩ ወንዝ ወርዶ ይጠጣ፣ ቀበሌው ግን ምንም አይባል። ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ አንዲት አሮጊት እንስራዋን አዝላ ስታርፍ አገኘኋት። እኔ መሆኔን አላወቀችም፣ "እግዜር ያሳያቸው" አለችኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ግንቦት 20

ዛሬ ማለዳ ጡሩምባ ቀሰቀሰኝ። ሰዓት እላፊው ገና መነሳቱ ነው። "የእድርተኛችን የአቶ ሻንካ..." የጋሽ ቱሉ ድምፅ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ናቸው። አቶ ሻንካ ሸማኔ ነበሩ፣ ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ላይ ነጥብ ያደረግሁላቸው። እማዬ ተነስታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

እኔ ተኝቼ ድምፁን እሰማለሁ። ቅርብ ነበር፣ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ፣ ከዚያ ራቀ። ድልድዩን ተሻግሮ ማዶ ይነፋል። በኋላ ከቁስቋም ሥር በጣም ቀጭን ሆኖ ተሰማ። የሰው ቀበሌ ገብተው ምን ያደርጋሉ ብዬ አሰብኩ...

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ካርታውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ዳገቱ። ቁልቁለቱ። ድልድዩ። ማዶ።

ጫማዬን እንዴት እንዳደረግሁ አላውቅም። ጋሽ ቱሉ ሲመለሱ ድልድዩ ላይ ደረስኩባቸው። የቀራቸው ሠፈር ነበር።

"ምነው ሸዋዬ? ደግሞ ማን ሞተ?"

"ማንም። አብሬዎት ልሂድ።"

"ጡሩምባውን ልትቀሚኝ ነው?" ብለው ሄዱ፣ ተከተልኩ። አንዱ በር ላይ ቆመው ነፉ። የሚቀጥሉትን አለፏቸው።

"እነዚህን ለምን አለፏቸው?"

"የኛ አይደሉም። የቀጨኔ መድኃኔ ዓለም እድርተኞች ናቸው።"

"ያኛውስ?"

"የኛ ነው። አባቱም የኛ ነበር።"

እሳቸው የቆሙበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል ነጥብ አለበት። ያለፉት ቤት ደግሞ ንጹሕ ነው። ምንጩ ጋ ስንደርስ የአይሻንና የረሂማን በር ቀና ብለው ሳያዩ ነው ያለፉት። የሙስሊሞቹ እድር ሌላ ነው። በሽታውን በቀበሌ ስፈልግ የከረምኩት በከንቱ ነው። በሽታው የቀበሌ ድንበር አያውቅም፣ የሚያውቀው እድር ነው። ዳገቱም የቀላው ሸማኔው የሚበዛው እዚያ ስለሆነ እንጂ በምንጩ አልነበረም።

ከቀብር መልስ ልቅሶ ቤት ገባሁ። ድንኳኑ በር ላይ የእድሩ በርሜል አለ፣ ክዳን የለውም። አንድ ጣሳ በገመድ ታስሮበታል። ለቀስተኛው አፈሩን ከእጁ ሳያስለቅቅ ጣሳውን ከነእጁ ይነክራል፣ ይጠጣል፣ ለቀጣዩ ያቀብላል። ንፍሮው በአንድ ትሪ ይዞራል። ውሃው ሲጎድል ይጨመርበታል እንጂ በርሜሉ አይታጠብም። ባለፈው ልቅሶ ጊዜም እንደዚሁ ነበር። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ? ከልጅነቴ ጀምሮ። ግን አላየሁትም።

እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ "ጠጡ፣ ጠጡ፣ ሐዘን ያደርቃል" ትላለች። ስታየኝ ደስ አላት። ጣሳውን ሞልታ ዘረጋችልኝ። ሰው ያያል።

ከንፈሬን አስነክቼ መለስኩ። እሷም አየችኝ።

ግንቦት 21

የእድሩ ዳኛ አቶ በድሉ ቤት። የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው ይሠራሉ፣ መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ። በርሜሉን አልኩ። ጣሳውን። ንፍሮውን። በሽታው እስኪያልፍ ድረስ ብቻ አልኩ።

"ልጄ፣ ያለን ነገር አብሮ ማልቀስ ብቻ ነው" አሉ። "እሱንም ተዉ ነው የምትይን?"

"አብራችሁ አልቅሱ ጋሼ። ከአንድ ጣሳ አትጠጡ ነው ያልኩት።"

"ከማዶ ድረስ በእግሩ መጥቶ የቀበረን ሰው ውሃ የለም በለው ነው? አይተናነቅሽም?"

"ይተናነቀኛል።"

መወርወሪያውን አቆሙት። "እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። የእናትሽ ቀን ቢመጣ፣ ሩቅ ያርገውና፣ አንቺ ታደርጊዋለሽ?"

ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሳሁ። እሳቸውም ሸማቸውን ቀጠሉ።

ግንቦት 22

የቀበሌው ጆሮ ረጅም ነው። ጓድ ኃይለ መለኮት አስጠሩኝ። ዛሬ ፈገግ ብለዋል። "ምነው ቶሎ አልነገርሽንም? ኋላቀር ልማድ ነው! እድሩን አግደን ድንኳኑን እንወርሳለን። የእድርተኞቹን ቤት ያደረግሽበትን አዲሱን ካርታ አምጪው።"

"አላለቀም" አልኩ።

አልቋል። አልሰጣቸውም። አንዴ ካርታ ሰጥቻቸው ሠፈሩን ወንዝ አወረዱት። አሁን ደግሞ ሙታኑን ያለ ቀባሪ ሊያስቀሩ? ሰው ድንኳኑን ቢቀማ ቤቱን ዘግቶ በዚያው ጣሳ ይጠጣል እንጂ አይተወውም።

ግን እስከ መቼ አላለቀም እላለሁ? ደክሞኛል። በጣም ደክሞኛል።

ግንቦት 25

እማዬ ታመመች።

ሌሊቱን ስትመላለስ ሰማኋት። ጠዋት ደም አየሁ። አልነገርኳትም፣ ታውቃለች። ሆስፒታል ወሰድኳት፣ አልጋ የለም፣ ኮሪደሩም ሞልቷል። መድኃኒት ሰጥተው መለሱን። ጨውና ስኳር በጥብጬ ላጠጣት ብል የኅብረት ሱቁ ስኳር የለውም።

ማታ በር ተንኳኳ። አይሻ ናት። በጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳር እጄ ላይ አስቀመጠች። "ለአንቺ አይደለም፣ ለእማማ ወለተ ማርያም ነው" አለች። ገብታ እግሯ ሥር ተቀመጠች፣ እስክትተኛ ድረስ አልሄደችም።

ግንቦት 27

ማንኪያ በማንኪያ አጠጣታለሁ። በሰማያዊ ኩባያዋ። የምትይዘው ትንሽ ነው።

ዛሬ ዓይኗን ገልጣ "ለበድሉ ያልሽው እውነት ነው?" አለችኝ።

"የቱ?"

"የበርሜሉ።"

ማንኪያውን ኩባያው ውስጥ መለስኩት።

"እኔ ነኝ አይደል የቀዳሁላቸው? ለሻንካ... ለዚያች ለምስኪን ለሠርኬ ልጅ... በእጄ እኮ ነው የሰጠኋቸው።"

"አይደለም እማዬ። አንቺ አይደለሽም። ከወንዙ ነው።"

በሕይወቴ እንዲህ ቀጥ ብዬ ዋሽቼ አላውቅም። አመነችኝ ወይስ አላመነችኝም? ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያው ሆና "ቢሆንም ሰው አፉ ደርቆ እንዳይሄድ። እሺ ብለሽኛል" አለች።

እሺ ብያታለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ እሺ ስላት ኖሬያለሁ።

ግንቦት 29

እማዬ ማለዳ አረፈች።

ጡሩምባው ከቤታችን በር ጀመረ።

ሰኔ 3

ድንኳኑ ተነሳ። ቤቱ ጭር ብሏል። እንዝርቷ ከነጥጧ መሶቡ ውስጥ አለ። አሁን ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

ከቀብር ስንመለስ በርሜሉን አምጥተው በር ላይ ተክለውት ነበር። አንደኛዋ ሴት ጣሳውን ታስራለች። "ውሃ አይቀርብም" አልኩ። "ንፍሮም አይቀርብ።"

በደንብ የሰማችኝ አልመሰላትም። "ምን አልሽ?"

"በእናቴ ልቅሶ ላይ ማንም ከዚህ በርሜል አይጠጣም።"

አንዷ "አይ ወለተ ማርያም! የሰው አፍ ስታረጥቢ ኖረሽ!" ብላ ደረቷን መታች። ሌላዋ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ስንት ጊዜ እሺ ብያታለሁ። ይቅር በይኝ እማዬ እያልኩ ቆሜያለሁ፣ ጮክ ብዬ ይሁን በልቤ አላውቅም። ደግሞ ተናድጄባት ነበር። ለምን አስገባሽኝ እዚህ ውስጥ? ለምን ከቃሌ አልፈታሽኝም?

አቶ በድሉ ከወንዶቹ መሀል ተነሡ። ሊቆጡኝ ነው አልኩ። በርሜሉ ጋ ሄዱ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ደፉት። ውሃው እግራችን ሥር ፈሰሰ። የተደፋው በርሜል ላይ ቁጭ አሉበት።

"ጠይቄያት ነበር" አሉ ለሕዝቡ። "መልሱን ዛሬ ሰጠችኝ። የሚቀመጥ ይቀመጥ።"

አብዛኛው ተቀመጠ። እስከ ማታ አፋቸው ደርቆ ተቀመጡ። ያን ያህል ያፈርኩበትና ያን ያህል የተወደድኩ የመሰለኝ ቀን የለም።

በማግሥቱ አይሻና ረሂማ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ሙሉ የፈላ ሻይ ይዘው መጡ። አይሻ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ "ኩባያ ያለው ያምጣ፣ በሰው ኩባያ የሚጠጣ የለም!" ብላ ጮኸች። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ቅርብ ያሉት እየሄዱ ኩባያቸውን አመጡ። የማዶዎቹ በሦስተኛው ቀን ከቤታቸው ይዘው ነው የመጡት፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው። አቶ በድሉ እንኳን አንድ ጆሮ የሌለው ስኒ ከኪሳቸው ሲያወጡ አየሁ።

ውሃውን ከየት አመጣሽው ብላት "ከምንጩ ነዋ" አለችኝ። "ጠባቂው እንቅልፋም ነው።"

ማንም አፉ ደርቆ አልሄደም እማዬ። ከመጀመሪያው ቀን በቀር።

ሰኔ 21፣ እሑድ

ካርታው ላይ አዲስ ነጥብ ካደረግሁ ቆየሁ። የመጨረሻዎቹ ከወንዙ የጠጡ ጥቂት ልጆች ነበሩ። እነሱም በእኔ ሂሳብ ናቸው።

የምንጩ ሰንሰለት ጠፍቷል። ማን እንደፈታው የሚናገር የለም። ስብሰባው ላይ ጓድ ኃይለ መለኮት ቀበሌያችን በወሰደው ቆራጥ እርምጃ በሽታው ተደምስሷል አሉ። ተጨበጨበ። ስለ አዲሱ ካርታ ረስተዋል፣ እኔም አላስታወስኳቸውም። አይሻ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር፣ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

እኔ አላጨበጨብኩም። እጄ ደክሞታል።

ሐምሌ 8

ዝናብ። ቧንቧው መጥቷል፣ ጭቃ ጭቃ ይላል።

የእማዬን ነጥብ እስከ ዛሬ አላደረግሁም ነበር። ትናንት ማታ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁና አደረግሁት። ጋሽ ቱሉ መንገዳቸውን የሚጀምሩበት ቤት ላይ ነው። ትንሽ ነገር ናት። እንደ ሌሎቹ።

ዛሬ ማለዳ ጡሩምባው ተነፋ። አንድ አሮጊት ናቸው፣ በእርጅና። ዝናቡ ውስጥ የጋሽ ቱሉን ድምፅ ስሰማ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ፣ በር ከፍቼ ቆምኩ።

"እድርተኞች! የእማማ የሺ ቀብር ስድስት ሰዓት ነው! ኩባያችሁን ይዛችሁ!"

ወደ ቁልቁለቱ ወረዱ። ድልድዩን ተሻገሩ። ማዶም ያንኑ ይላሉ፣ "ኩባያችሁን ይዛችሁ"፣ እየቀጠነ እየቀጠነ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁት።

ከእንግዲህ በዚህ ቤት እድርተኛዋ እኔ ነኝ። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። ሰማያዊዋን ኩባያ ከመደርደሪያው አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ።